ልጆች «ነገም እንሂድ» የሚሉት ክበብ ያለው የመዝናኛ መርከብ እንዴት ይመረጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከልጆች ጋር በመዝናኛ መርከብ ለመጓዝ ያሰቡ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረን እንመልሳለን።

መርከብ ላይ «የልጆች ክበብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ወላጅ ልጁን አስመዝግቦ፣ ፈርሞ፣ ትቶት የሚሄድበት የመጫወቻ ቦታ ነው። መርከቦቹ ኪድስ ክለብ ይሉታል። ልጆቹ በዕድሜ ተከፋፍለው ይውላሉ። ትንንሾቹ ቀለም ይቀባሉ፣ ይዘላሉ፣ ተረት ይሰማሉ። ተለቅ ላሉት የሳይንስ ሙከራ፣ የተደበቀ ዕቃ ፍለጋ፣ የቪዲዮ ጌም ውድድር ይዘጋጃል። የቀኑ ፕሮግራም በወረቀት ወይም በመርከቡ አፕ ላይ ይወጣል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ፤ ክበቡ የግል ሞግዚት አይደለም። አንድ ሠራተኛ ብዙ ልጆችን ነው የሚጠብቀው። ሕፃን አቅፎ የሚያስተኛ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ መጠየቅ ያለባችሁ ስለ ሕፃናት ማቆያው ነው። እሱ ሌላ ክፍል ነው፣ የራሱ ሕግ አለው፣ ብዙ ጊዜም የራሱ ሂሳብ አለው።

ለብቻው ይከፈልበታል?

በትልልቆቹ ኩባንያዎች ከ3 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች የቀኑ ክበብ በጉዞው ዋጋ ውስጥ ነው። ተጨማሪ ሂሳብ የሚመጣው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ሌሊት ነው። ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ልጁ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እዚያው ከቆየ ያስከፍላሉ። ሁለተኛው የሕፃናት ማቆያ ነው። ዲዝኒም ሮያል ካሪቢያንም ከ3 ዓመት በታች ላሉት የሚያስከፍሉት በሰዓት ነው። የእንግሊዙ ፒ ኤንድ ኦ ለየት ይላል፤ የማታ ማቆያው በነፃ ነው።

ይህ ሁሉ እዚያው በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም። በክፍላችሁ ሂሳብ ላይ ይመዘገብና በመጨረሻው ቀን ተደምሮ ይመጣል። ያኔ ነው የሚያስደነግጠው። በየቀኑ የሚቆረጠው የሠራተኞች ጉርሻም በብዙ ኩባንያዎች ለልጅም ይታሰባል። ስለዚህ «ልጆች በነፃ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የወደብ ክፍያውንና ጉርሻውን ጨምሮ ጠቅላላው ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

ከስንት ዓመት ጀምሮ ይቀበላሉ?

በአብዛኛው ከ3 ዓመት። ካርኒቫል ግን ካምፕ ኦሽን በሚለው ክበቡ ከ2 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል። እስከ 11 ዓመት ያሉትም በሦስት ቡድን ይከፈላሉ። ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ ስፕላሽ አካዳሚ የሚለውን ክበቡን ከ3 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች አድርጎታል። ፕሪንሰስ ደግሞ ከ3 እስከ 7፣ ከ8 እስከ 12፣ ከ13 እስከ 17 ብሎ ይከፍላል።

እነዚህ ቁጥሮች ቀላል ይመስላሉ፤ ምርጫውን የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። የ7 ዓመት ልጅ በአንዱ መርከብ ከቡድኑ ትልቁ፣ በሌላው ትንሹ ሊሆን ይችላል። ዓይን አፋር ልጅ ካላችሁ ይህ ብዙ ነው። ትልቅ የሆነበት ቡድን ውስጥ ሲገባ ይፈታል፤ ትንሽ የሆነበት ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። ስለዚህ የውኃ ሸርተቴውን ፎቶ ከማየታችሁ በፊት የዕድሜ ሰንጠረዡን እዩ።

ልጄ ገና ዳይፐር አልለቀቀም። ችግር አለው?

አለው። ብዙ ወላጅ የሚሰናከለውም እዚህ ጋ ነው። ዲዝኒና ሮያል ካሪቢያን 3 ዓመት መሙላት ብቻ አይበቃቸውም፤ ልጁ ራሱን ችሎ ሽንት ቤት መጠቀም አለበት። የክበቡ ሠራተኞች ዳይፐር አይቀይሩም። የ3 ዓመት ከመንፈቁ ልጃችሁ ዳይፐር ላይ ከሆነ በር ላይ ይመልሷችኋል፤ ከፍላችሁ፣ ተሳፍራችሁ፣ ባሕር መሃል ከደረሳችሁ በኋላ ማለት ነው። ካርኒቫል እዚህ ላይ ይሻላል። ዳይፐሩንና መጥረጊያውን እናንተ ካመጣችሁ ለትንንሾቹ ይቀይራሉ።

ገንዳውም እንዲሁ ነው። ዳይፐር ያደረገ ልጅ፣ የመዋኛ ዳይፐርም ቢሆን፣ ወደ ዋናው ገንዳ አይገባም። የጤና ሕግ ስለሆነ ለምኖ የሚገኝ ነገር አይደለም። ሮያል ካሪቢያንና ዲዝኒ በአንዳንድ መርከቦቻቸው ላይ ዳይፐር ላደረጉ ሕፃናት ብቻ የተለየ የውኃ መጫወቻ አላቸው። በሞቃት ባሕር ላይ ለሰባት ቀን ልጅን ከውኃ ዳር መከልከል ምን እንደሚመስል ለወላጅ አይነገርም። ይህን ቀድማችሁ አጣሩ።

ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃንስ?

መጀመሪያ ይሳፈር እንደሆነ እዩ። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አይቀበሉም። ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ወይም ተከታታይ ቀናት ባሕር ላይ ለሚቆይ ጉዞ ደግሞ 12 ወር ይጠይቃሉ። መንገዴን ካልሳትኩ አንድ ነገር ልጨምር፤ እናትየዋ እርጉዝ ከሆነች አብዛኞቹ ከ24ኛው ሳምንት በኋላ አይወስዱም። የሚቆጠረውም ጉዞው እስከሚያልቅበት ቀን ነው።

ማቆያ ያለው መርከብ ካገኛችሁ ቦታው ጥቂት ነው፤ ቀድሞ ይያዛል። እኛ ይህን ያወቅነው ከተሳፈርን በኋላ ነው። መጀመሪያ ምሳ እንብላ አልን። ልጆቹ አይስክሬሙ ማሽን ጋ ተጣበቁ። ሁለት ሰዓት ቆይተን ወደ ማቆያው ስንሄድ ተቀባይዋ ወረቀቱን አዙራ አሳየችን። ከቀሩት ምሽቶች ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ቀድመን ሌላ ነገር የያዝንበት ምሽት። ከዚያ በኋላ ሻንጣ ሳናስቀምጥ ቀጥታ ወደ ማቆያው መሄድ ለምደናል። በኢንተርኔት ቀድሞ መያዝ የሚቻልበት መርከብ ላይ ደግሞ ምዝገባው በተከፈተ ቀን ያዙ።

የትኛው ኩባንያ ይሻላል?

የኔ መልስ እንደ ልጁ ዕድሜ ይለያያል። ከ3 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ ዲዝኒን የሚያህል አላየሁም። ክበቡ ሰፊ ነው። ሠራተኞቹም ሰልችቷቸው የሚያዩ አይነት አይደሉም። ዋጋው ግን አናት ያዞራል፤ በዚያው ገንዘብ ሌላ ጋ ሁለቴ ትጓዛላችሁ የሚሉ አሉ፣ ብዙም አልተሳሳቱም። ከ8 ዓመት በላይ ለሆነና መሮጥ ለሚወድ ልጅ የሮያል ካሪቢያን ትልልቅ መርከቦች ይመቻሉ። እዚያ ልጁ ክበቡን ሊረሳው ይችላል፤ ተንጠላጥለው የሚወጡት ግድግዳ፣ ሸርተቴውና የበረዶ ላይ ትርዒቱ ቀኑን ይጨርሱታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የሚባለው መርከባቸው ደግሞ ሰርፍሳይድ የሚባል፣ ለትንንሽ ልጆችና ለወላጆቻቸው የተለየ ሰፈር አለው።

ዋጋ ለሚያስጨንቀው ካርኒቫልና ኤም ኤስ ሲ ጥሩ ናቸው። ኤም ኤስ ሲ ልጆች ከሁለት አዋቂዎች ጋር በአንድ ክፍል ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ዋጋውን ይተዋል፤ የወደብ ክፍያው ብቻ ይቀራል። የመጫወቻ ክፍሎቹንም ከሌጎ ጋር ተባብሮ ነው ያሰናዳው።

የኩባንያው ስም ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሳችሁ። በአንድ ኩባንያ ሥር የ20 ዓመት መርከብም የአምናውም አለ። ያረጀው ላይ ክበቡ መስኮት የሌለው አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል። የምትገዙት ኩባንያውን ሳይሆን ያንን መርከብ ነው። ስሙን ይዛችሁ የመርከቡን የወለል ካርታ ፈልጉ፤ የልጆቹ ቦታ ስንት ክፍል እንደሆነ፣ የት እንዳለ ያሳያችኋል። ጭራሽ ልጅ የማይቀበሉም አሉ። ቨርጂን ቮያጅስና ቫይኪንግ ከ18 ዓመት በታች አይወስዱም። ከፒ ኤንድ ኦ መርከቦችም አርካዲያና ኦሮራ ለአዋቂዎች ብቻ ናቸው።

ክበቡ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። የተለመደው ከጠዋት እስከ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ እስከ እራት፣ ከእራት በኋላ ደግሞ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በምሳና በእራት ሰዓት የሚዘጋ ብዙ ነው። በመርከቡ ወረቀት ላይ 22:00 ብሎ ሲጻፍ ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለቱ ነው። በ10 ሰዓት ይከፈታል የሚለውንም የኛ 10 ሰዓት አድርገው ከሰዓት በኋላ የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ።

መርከቡ ወደብ ላይ በሚቆምበት ቀን ክበቡ ቀደም ብሎ የሚከፍትበት ጊዜ አለ። ልጆቹን ትቶ ለመውረድ ይመቻል ማለት ነው። የሚፈቅዱም የማይፈቅዱም አሉ፤ የሚፈቅዱትም የምትገኙበትን ስልክ ይጠይቃሉ። እኔ በግሌ አላደርገውም። ታክሲ ቢበላሽ መርከቡ አይጠብቅም፤ ልጄ መርከቡ ላይ፣ እኔ ወደብ ላይ ሆነን መለያየት አልፈልግም።

ክፍላችንን የት ብንይዝ ይሻላል?

ሞገድ የሚቀንሰው መሃል ላይና ዝቅ ባሉት ወለሎች ነው። የልጆች ክበብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላይ፣ ገንዳው አካባቢ ይገኛል። በቀን አምስት ጊዜ በአሳንሰር መመላለስ ካልሰለቻችሁ መሃሉን ምረጡ። ከዳንስ አዳራሽ በታች ያለ ክፍል ግን ልጅ ላለው ሰው አይሆንም። የሕፃን አልጋ ከፈለጋችሁ ስትገዙ አስመዝግቡ። ለሚያጥወለውለው ልጅ የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም ይወስን፤ የአዋቂውን ለሁለት ከፍሎ መስጠት አይደለም።

ልጄ እንግሊዝኛ አይችልም። ብቻውን አይሆንብኝም?

ከ6 ዓመት በታች ከሆነ ብዙም አትጨነቁ። ልጄ የ4 ዓመት ሆና መጀመሪያ ያስገባናት ማታ በሩን ይዛ አልለቅም አለች። ከሠራተኞቹ አንዷ ምንም አልተናገረቻትም። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ትልቅ ዓሣ መሳል ጀመረች። ክንፉን ሳለች፣ ጭራውን ሳለች፣ ዓይኑን ተወችው። ልጄ ትንሽ አየችና «ዓይን የለውም!» ብላ ጮኸች። በአማርኛ ነው እንግዲህ። ሴትዮዋ ቀለሙን አቀበለቻት። ልጄ ዞር ብላም አላየችኝ።

ከ8 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ይከብዳል። በዚያ ዕድሜ ጨዋታው ራሱ ወሬ ነው። የቡድን ጥያቄና መልስ፣ የድራማ ልምምድ፣ ቀልድ። ቋንቋው የማይገባው ልጅ ዳር ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ከአውሮፓ ወደቦች የሚነሱ እንደ ኤም ኤስ ሲና ኮስታ ያሉት ይሻላሉ። ልጆቹ ከብዙ አገር ስለሚመጡ ሠራተኞቹ በአምስት ቋንቋ መደጋገም ለምደዋል። ቋንቋ ያልገባው ልጅም ልጃችሁ ብቻ አይሆንም።

አልገባም ብሎ ቢያለቅስ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ብዙ መርከቦች ክበቡን ለወላጆችም ክፍት ያደርጋሉ። ያኔ አብራችሁ ግቡ፣ ሽንት ቤቱን አሳዩት፣ የሠራተኞቹን ስም ይወቅ። ማታ ሲመለስ የሚያውቀው ቦታ ይሆናል። መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ብቻ ተውት፤ በቃላችሁም ተመለሱ። ተደብቆ ማምለጥ የሚባለው ዘዴ ለዛሬ ይሠራል፣ ነገ በሩ ጋ እንኳ አይደርስም።

ሁለቴ ሞክሮ ካልወደደው ተዉት። መርከቡ ላይ ሌላም ነገር አለ።

የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ወንድምና እህት አንድ ላይ መሆን ይችላሉ?

ሕጉ እንደ ኩባንያው ነው። አንዳንዶቹ ትልቁን ወደ ትንሹ ቡድን ማውረድ ይፈቅዳሉ፤ ትንሹን ወደ ላይ ማውጣት ግን ከባድ ነው። ዲዝኒ ላይ ይህ ጣጣ ይቀንሳል፤ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሉት በአንድ ክበብ ውስጥ ስለሚውሉ እህትና ወንድም ይገናኛሉ። ልጆቻችሁ ከተለያዩ የማይሆን ከሆነ ሰፊ የዕድሜ ክልል ያለውን ፈልጉ።

ልጁን ማን ነው የሚያወጣው? አደጋ ቢመጣስ?

ስትመዘግቡ ልጁን መውሰድ የሚችሉ ሰዎች ስም ይጻፋል። በብዙ መርከቦች የይለፍ ቃል ወይም የክፍል ካርድ ይጠየቃል። ልጁም የእጅ ማሰሪያ ይደረግለታል። ተለቅ ያሉት በወላጅ ፈቃድ ራሳቸው ፈርመው መውጣት ይችላሉ። ይህን ሳጥን ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት አስቡበት። የ9 ዓመት ልጅ በ16 ፎቅ መርከብ ላይ ብቻውን ሲዞር የምታገኙት ከፈለጋችሁት ሳይሆን ከራበው ነው።

ከመነሳቱ በፊት የአደጋ ልምምድ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የሚባለው የመዝናኛ መርከብ ጣሊያን ዳርቻ ላይ ከሰጠመ በኋላ ልምምዱ ከመነሳት በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሱ እንዲሆን ሕጉ ጠበቀ። እዚያ ላይ ሠራተኛውን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ማንቂያው ሲጮህ ልጄ ክበብ ውስጥ ከሆነ ልውሰደው ወይስ ታመጡልኛላችሁ? በብዙ መርከቦች ሠራተኞቹ ናቸው ልጁን ወደ መሰብሰቢያው የሚያመጡት። ሁሉም ወላጅ ወደ ክበቡ ቢሮጥ ደረጃው ይዘጋል።

ገንዳው ላይ ግን ሌላ ነው። ዲዝኒና ሮያል ካሪቢያን ዋና የሚጠብቅ ሠራተኛ ያቆማሉ። ሌሎች ብዙ መርከቦች ላይ «ጠባቂ የለም» የሚል ሰሌዳ ብቻ ነው ያለው። ገንዳ ዳር ስልክ መነካካት አይሆንም።

ልጄ ቢታመም ክበብ ይገባል?

ያስመለሰው ወይም ተቅማጥ የያዘው ልጅ አይገባም። ከክፍሉም እንዳይወጣ ሊደረግ ይችላል። የሚፈራው ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትለው ኖሮቫይረስ ነው፤ ሰው በተጨናነቀበት ቦታ በፍጥነት ይዛመታል። በየበሩ የተቀመጠው የአልኮል ጄል ለሱ እምብዛም አይሠራም። እጅ በውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ በተለይ ከክበብ ሲወጣና ከምግብ በፊት።

መርከቡን ቀድሞ መመርመርም ይቻላል። በአሜሪካ ወደቦች የሚያልፉ መርከቦችን የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሳያሳውቅ ገብቶ ይፈትሻል፣ ከ100 ነጥብ ይሰጣል፣ ውጤቱንም በኢንተርኔት ያወጣል። 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል። ፍተሻው የልጆቹንም ክፍል ይጨምራል። የመርከቡን ስም አስገብታችሁ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን የተጻፈበትን ጉድለት አንብቡ።

ልጄ ኦቲዝም ወይም ከባድ የምግብ አለርጂ አለበት። ይቀበሉታል?

አብዛኞቹ ይቀበላሉ፤ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚመደብ ሰው ግን የላቸውም። ለምዝገባው ቀን አታቆዩት። ከጉዞው ሳምንታት በፊት ኩባንያው ውስጥ ልዩ ድጋፍ የሚመለከተውን ክፍል ጻፉለት። ልጁ ምን ያስደነግጠዋል፣ ሲደነግጥ ምን ያረጋጋዋል፣ በምን ምልክት ይግባባል፤ በአንድ ገጽ አዘጋጁና በክበቡ በር ላይም ስጡ። ኦቲዝም ኦን ዘ ሲስ የሚባል ድርጅት ደግሞ በተለያዩ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ የራሱን የሠለጠኑ ረዳቶች ይዞ ቡድን ያጓጉዛል።

ለአለርጂው የክበቡም የምግብ ቤቱም ሰው ለየብቻ ይነገረው። አንዱ ለሌላው ያስተላልፋል ብላችሁ አትመኑ። አለርጂው ሲነሳ የሚወጋው መርፌ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚወጋ ፊት ለፊት ተነጋገሩ።

አንድ ወላጅ ብቻ ወይም አክስት ልጁን ይዞ ቢሄድስ?

ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የሌላው ወላጅ፣ ወይም የሁለቱም ወላጆች፣ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል። ደብዳቤው ላይ የሕክምና ውሳኔ መስጠት እንደሚችሉ ይጻፍበት። ቪዛው ደግሞ በየወደቡ ለየብቻ ይታያል። መርከቡ ከአንድ አገር ወጥቶ ሌላ አገር ነክቶ የሚመለስ ከሆነ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። ይህ ለልጁም ነው። ሁሉም የተሟላለት ቤተሰብ በአንድ ሕፃን ፓስፖርት ምክንያት ወደብ ላይ ቀርቷል።

አሥራዎቹ ውስጥ ያለው ልጄ «የሕፃን ቦታ አልሄድም» ይላል። ምን ላድርግ?

እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ቦታውን የሚለዩት። ካርኒቫል ከ12 እስከ 14 እና ከ15 እስከ 17 ላሉት ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አሉት። ዲዝኒም ኤጅ የሚባለውን ክበብ ከ11 እስከ 14፣ ቫይብ የሚባለውን ከ14 እስከ 17 ላሉት አድርጓል። እዚያ ፈርሞ መግባት፣ ፈርሞ መውጣት የለም፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ወላጅ ግን አይገባም። ለነሱ ትልቁ መስህብ እሱ ነው።

ቁም ነገሩ የመጀመሪያው ማታ ነው። ጓደኝነቱ የሚሠራው ያኔ ነው። በሦስተኛው ቀን የሚገባ ልጅ የተዘጋ ቡድን ነው የሚያገኘው። ስለዚህ «ለግማሽ ሰዓት ብቻ እየው» ብላችሁ በመጀመሪያው ማታ ስደዱት። ስንት ሰዓት እንደሚገባም ያኔውኑ ተስማሙ። ብዙ መርከቦች ከወላጅ ውጪ ላሉ ወጣቶች የራሳቸው ሰዓት እላፊ አላቸው፤ የናንተን ከዚያ ቀደም አድርጉት። ባሕር ላይ የኢንተርኔት ጥቅል ካልገዛችሁ በስልክ መገናኘት ይከብዳል፤ በመርከቡ አፕ መልእክት መላላክ ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ሞክሩት።

በጉዞው መሃል ልደቷ ነው። የትኛው ቡድን ትገባለች?

አብዛኞቹ የሚያዩት መርከቡ በሚነሳበት ቀን ያላትን ዕድሜ ነው። 12 ዓመት የምትሞላው በሦስተኛው ቀን ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ የ11 ዓመት ልጅ ናት። አንዳንዶቹ በልደቷ ቀን ያሻግሯታል፣ አንዳንዶቹ እስከ መጨረሻው አያሻግሯትም። አብረዋት የሚጓዙት የአጎቷ ልጆች 12 ከሆኑ ይህ ሙሉውን ጉዞ ያበላሸዋል። የቃል መልስ አይበቃም፤ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አትማችሁ ያዙ። አንድ ሳምንት ገፋ አድርጎ መሄድ የሚቻል ከሆነም ያንን አስቡ፤ ከበር ላይ ክርክር ይቀላል።